ኤደብሊውኤክስ በኩበርኔትስ ላይ፣ ከከርበሮስ ማረጋገጫ ጋር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የሥራው ዓላማ በዊንዶውስ ሰርቨሮች ላይ በተደጋጋሚ የሚከናወኑ ተግባራትን፣ ማለትም ዝማኔ መጫንን፣ ሰርቪስ ማቆምና ማስነሳትን፣ የፋይል ፈቃድ ማስተካከልን፣ ከአንድ ቦታ የሚያስኬድ መድረክ ማቆም ነው። መድረኩ ማንነቱን የሚያረጋግጠው በየሰርቨሩ በተፈጠረ አካውንት ሳይሆን በዶሜይኑ (ማሽኖችና ተጠቃሚዎች በጋራ በሚተዳደሩበት የዊንዶውስ ኔትወርክ) የከርበሮስ ቲኬት እንዲሆን ተወስኗል፤ ከርበሮስ ማንነትን ቲኬት በተባለ ጊዜያዊ የተመሰጠረ ማስረጃ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ነው። የተመረጠው መሣሪያ ኤደብሊውኤክስ ሲሆን፣ ይህም የአንሲብልን (ሰርቨሮችን በራስ-ሰር የሚያስተዳድር መሣሪያ) ሥራዎች በድር ገጽ ለማስተዳደር የሚያገለግልና ሬድሃት እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ፕሮጀክት ነው። ከ18ኛው ዕትም ወዲህ፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ፣ የሚመከረው አጫጫን ኮንቴይነሮችን (ከነሚያስፈልጓቸው ፋይሎች ተነጥለው የሚሮጡ ፕሮግራሞችን) በማሽኖች ስብስብ፣ ማለትም በክላስተር፣ ላይ በሚያስተዳድረው በኩበርኔትስ ላይ በኦፕሬተር (መተግበሪያን የሚጭንና የሚከታተል ፕሮግራም) አማካይነት ነው፤ በአንድ ማሽን ላይ በዶከር ብቻ ማቆም ለልማት ሙከራ እንጂ ለመደበኛ አገልግሎት የታሰበ መንገድ መሆኑ ቀርቷል።

ከርበሮስ ከኮንቴይነር እጅግ የቀደመ ነው። መነሻው በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው የአቴና ፕሮጀክት ነው፤ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 2000 የዶሜይን ዋና ማረጋገጫ አደረገው፤ አሁን የምንጠቀምበት አምስተኛው ስሪትም በ2005 በወጣው አርኤፍሲ 4120 (የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ) ተደንግጓል። ሲነደፍ የታሰቡት ማሽኖች ቋሚ ስም፣ የተስተካከለ ሰዓትና ረጅም ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የኩበርኔትስ ፖድ (አብረው የሚሮጡ ኮንቴይነሮች ጥምር) ግን ስሙም አድራሻውም በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ዕድሜውም ደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ድካም የምጠብቀው ከመድረኩ አጫጫን ሳይሆን ከዚህ አለመጣጣም ነው።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ኦፕሬተሩን የጫንሁት በኩስቶማይዝ (የኩበርኔትስ ቅንብር ፋይሎች ማቀናበሪያ) ሲሆን፣ ዕትሙን 2.19.1 ብዬ በቁጥር ቆልፌዋለሁ። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ኤደብሊውኤክስ 24.6.1 ነው። ሁለቱም በ2024 አጋማሽ የወጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላም የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ሰፊ የውስጥ ማሻሻያ ለማድረግ ሲሉ አዳዲስ ዕትሞችን ማውጣት እንደሚያቆዩ አስታውቀዋል። «የመጨረሻው» በሚል መለያ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሳበት ዝግጁ የፋይሎች ጥቅል) መሳብን በመደበኛ አገልግሎት ላይ አልቀበልም፤ ዛሬ የሠራው ኢሜጅ ፖዱ ነገ በሌላ ኖድ (የክላስተሩ ማሽን) ላይ ሲነሳ ያው ኢሜጅ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለምና።

መድረኩን የሚገልጸውን ፋይል ካስገባሁ በኋላ መጀመሪያ የቆመው የፖስትግሬስ (የመድረኩ ውሂብ ጎታ) ፖድ ነበር። ሎጉ የመረጃ ማኅደሩን ለመፍጠር ፈቃድ እንደሌለው ይናገራል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የፖስትግሬስ 15 ኢሜጅ የሚሮጠው በተጠቃሚ ቁጥር 26 ሲሆን፣ የክላስተሩ ዲስክ ግን ሲፈጠር የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ተጠቃሚ ንብረት ሆኖ ይፈጠራል። መፍትሔው በመድረኩ መግለጫ ፋይል ውስጥ የመረጃ ቮሊዩሙ በቅድሚያ እንዲዘጋጅ የሚያዝዘውን ቅንብር ማብራት ነው። ያን ጊዜ አንድ ማስጀመሪያ ኮንቴይነር ቀድሞ ገብቶ የማኅደሩን ባለቤትነት ወደ 26 ይቀይርና ይወጣል። ዲስኩን በእጅ ገብቶ ፈቃዱን ለሁሉም መክፈት ፈጣን ቢመስልም አላደረግሁትም፤ የውሂብ ጎታ ማኅደር ለሁሉም ክፍት ሲሆን ፖስትግሬስ ራሱ አልነሳም ይላል።

ከዚያ በኋላ የሠንጠረዦቹ ፍልሰት በተለየ ሥራ ተጠናቀቀና የድር ፖዱ በሦስት፣ የተግባር ፖዱ በአራት ኮንቴይነሮች ተነሡ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በኦፕሬተሩ ተፈጥሮ በሲክሬት (የኩበርኔትስ የምስጢር ማስቀመጫ) ውስጥ ተቀምጧል። የመግቢያ ገጹ ተከፈተ። እስከዚህ ያለው ሥራ በየትኛውም መመሪያ ላይ የሚገኝ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም።

ማክሰኞ

ስለ ኤደብሊውኤክስ በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ፕሌይቡክ (የአንሲብል የተግባራት ዝርዝር ፋይል) የሚሮጠው በድር ፖዱም ሆነ በተግባር ፖዱ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ተጠቃሚው ሥራ ሲያስነሳ፣ ሪሴፕተር የተባለው ክፍል የኩበርኔትስን ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ትእዛዝ የሚሰጡበት መገናኛ) ጠይቆ አዲስ ፖድ ያስፈጥራል። ያ ፖድ ሥራውን ይሠራል፣ ውጤቱን ያስተላልፋል፣ ከዚያም ይወገዳል። በአንጻሩ ፕሮጀክትን (የፕሌይቡኮቹን ስብስብ) ከጊት (የኮድ ስሪቶች መያዣ) ማከማቻ የማምጣቱ ሥራ በተግባር ፖዱ ውስጥ ባለ ኮንቴይነር ይከናወናል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በሰላም መጥቶ ፕሌይቡኩ ቢወድቅ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሁለቱ የሚሮጡት በተለያዩ ፖዶች፣ ምናልባትም በተለያዩ ኖዶች ላይ ነው። በተግባር ፖዱ ውስጥ ገብቶ የከርበሮስን ፋይል ማስተካከል፣ እዚያው ቲኬት አውጥቶ «ይሠራል» ማለት፣ ለፕሌይቡኩ የሚያመጣለት ጥቅም የለም። ሰዎች በዚህ ጉዳይ ረጅም ጊዜ ሲያባክኑ ያየሁት በአብዛኛው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ የፈተኑት ፖድና ሥራውን የሚሠራው ፖድ አንድ አይደሉምና።

በመሆኑም የሥራ ፖዱ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ የከርበሮስ ሶፍትዌር፣ የከርበሮስ የቅንብር ፋይል፣ የዶሜይኑን ስሞች ወደ አድራሻ የሚፈታ ዲኤንኤስ፣ እንዲሁም ትክክለኛ ሰዓት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዛሬ ጨርሻለሁ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ በአንሲብል ቢልደር የራሳችንን የማስፈጸሚያ ኢሜጅ ሠራሁ። ውስጡ ያለው ፓይዊንአርኤም (በዊንአርኤም፣ ማለትም በዊንዶውስ የርቀት ማስተዳደሪያ፣ የሚያገናኝ የፓይተን ጥቅል) ከከርበሮስ ተጨማሪው ጋር፣ የኤምአይቲ ከርበሮስ ቤተ መጻሕፍትና የቲኬት ማውጫ ትእዛዞቹ፣ እንዲሁም የዊንዶውስ ሞጁሎች ስብስብ ነው። የከርበሮሱ የፓይተን ጥቅል በሲ የተጻፈ ክፍል ስላለው በግንባታ ጊዜ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም) እና የልማት ፋይሎች ይፈልጋል። ቢልደሩ ግንባታውን በደረጃ ስለሚከፋፍል፣ ለማጠናቀሪያ ብቻ የሚያስፈልጉት ጥቅሎች «ለግንባታ» ተብለው ከተመዘገቡ በመጨረሻው ኢሜጅ ላይ አይቀሩም። ይህ ለመጠን ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ይጠቅማል፤ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ባለ ኢሜጅ ውስጥ ኮምፓይለር የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

የቅንብር ፋይሉን ግን በኢሜጁ ውስጥ አላካተትሁትም። የዶሜይን ኮንትሮለር (የዶሜይኑ ማረጋገጫ ሰርቨር) በተቀየረ ቁጥር ኢሜጅ እንደገና መሥራት አያስፈልግምና፣ ፋይሉን በኮንፊግማፕ (የኩበርኔትስ የቅንብር ማስቀመጫ) አስቀምጬ በኤደብሊውኤክስ ውስጥ አዲስ ኮንቴይነር ግሩፕ (የሥራ ፖዶች እንዴት እንደሚፈጠሩ የሚገልጽ ቅንብር) ፈጠርሁ። በግሩፑ የፖድ መግለጫ ውስጥ «ወርከር» የተባለው ኮንቴይነር ይህን ፋይል በተለመደው ቦታው ላይ እንዲያገኘው አደረግሁ። አንድን ፋይል ብቻ ነጥሎ በንዑስ ዱካ ማያያዝ የታወቀ ጉድለት አለው፦ ኮንፊግማፑ ቢቀየርም እየሮጠ ያለው ፖድ ለውጡን አያይም። በእኛ ሁኔታ ይህ ጉድለት አይጎዳንም፤ እያንዳንዱ ሥራ አዲስ ፖድ ስለሚያስነሳ የሚቀጥለው ሥራ አዲሱን ፋይል ያነባል። የፖዱ አጭር ዕድሜ ሲጠቅም ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

የቁልፍ ፋይል በፖዱ ውስጥ ማስቀመጥ አላስፈለገም። የአንሲብል ዊንአርኤም ማገናኛ ከመድረኩ የተቀበለውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ቲኬቱን ራሱ ያወጣል፣ በጊዜያዊ ፋይልም ያስቀምጠዋል፤ ፋይሉም ከፖዱ ጋር ይጠፋል። የይለፍ ቃሉ ደግሞ በውሂብ ጎታው ውስጥ ተመስጥሮ ይኖራል።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ የወሰደው የስሞች ጉዳይ ነው።

ለፈተና ከኮንቴይነር ግሩፑ ጋር አንድ ዓይነት መግለጫ ያለው ጊዜያዊ ፖድ አስነሥቼ፣ የከርበሮስን የመከታተያ ተለዋዋጭ ወደ ስህተት ማሳያው አዙሬ ቲኬት ለማውጣት ሞከርሁ። ይህ የመከታተያ ተለዋዋጭ ከማንኛውም የኤደብሊውኤክስ ሎግ የበለጠ ይናገራል፦ የትኛውን ስም እንደጠየቀ፣ ከየትኛው አድራሻ መልስ እንዳገኘ፣ በየትኛው የምስጠራ ዓይነት እንደተስማማ መስመር በመስመር ያሳያል። አንሲብል ግን ይህን ሁሉ በአንድ አጭር የስህተት ዓረፍተ ነገር ሸፍኖ ያቀርበዋል።

የመጀመሪያው መልስ «ለዚህ ሪልም ኬዲሲ አልተገኘም» የሚል ነበር፤ ሪልም የከርበሮስ ግዛት ስም ነው፣ ኬዲሲ ደግሞ ቲኬት የሚሰጠው አገልግሎት፣ በእኛ ሁኔታ የዶሜይን ኮንትሮለሩ። ፖዱ ስም የሚጠይቀው ኮርዲኤንኤስን (የክላስተሩን የስም ሰርቨር) ነው፤ ኮርዲኤንኤስም የማያውቀውን ስም በኖዱ ላይ ወደተቀመጠው የስም ሰርቨር ያስተላልፋል። ያ ሰርቨር ደግሞ የአክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የማይክሮሶፍት የዶሜይን ማውጫ) ዞን አያውቅም። በኮርዲኤንኤስ ቅንብር ውስጥ ለዶሜይኑ ዞን የተለየ ክፍል ከፍቼ፣ ጥያቄዎቹ በቀጥታ ወደ ሁለቱ የዶሜይን ኮንትሮለሮች እንዲሄዱ አደረግሁ። የኖዶቹን ቅንብር መንካትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነገ አዲስ ኖድ ሲጨመር ማን ያስታውሰዋል? በክላስተሩ ውስጥ የተጻፈ ነገር ከክላስተሩ ጋር ይኖራል።

ቀጥሎ የታየው ከሪልሙ አጻጻፍ ጋር የተያያዘ ነው። የሪልም ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት መጻፍ አለበት። በትንንሽ ፊደላት ሲጻፍ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ጥያቄውን ይቀበላል፣ መልሱን ግን በትልልቅ ፊደላት ይልካል፤ የኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍትም የጠየቀውና የተመለሰለት ስላልተመሳሰሉ «የኬዲሲው መልስ ከተጠበቀው ጋር አልተዛመደም» ብሎ ያቆማል። መልእክቱ የፊደል ጉዳይ መሆኑን ፈጽሞ አይጠቁምም። በኢንቬንተሪው (የሰርቨሮቹ ዝርዝር) ውስጥ የተጠቃሚው ስም ሲሞላ ከ@ ምልክቱ በኋላ ያለው ክፍል በትልልቅ ፊደላት እንዲሆን በቡድኑ መመሪያ ላይ አስገብቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ቲኬቱ ወጣ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጥያቄ ያለ ምክንያት ይዘገይ ነበር። ይህ የኩበርኔትስ የታወቀ ባሕርይ ነው። በፖድ ውስጥ ያለው የስም መፍቻ ቅንብር በውስጡ ከ5 ያነሱ ነጥቦች ያሉትን ስም ሙሉ ነው ብሎ አይወስድም፤ ስለዚህ በቅድሚያ የክላስተሩን የፍለጋ ቅጥያዎች አንድ በአንድ እያከለ ይጠይቃል። የሰርቨሮቻችን ስሞች ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ስላላቸው፣ እያንዳንዱ ፍለጋ መልስ የሌላቸው በርካታ ጥያቄዎች ያስቀድማል። በፖዱ መግለጫ ውስጥ ይህን ቁጥር ወደ 1 ዝቅ አደረግሁት። ለሥራ ፖዶች ብቻ የተደረገ ለውጥ ስለሆነ የድርና የተግባር ፖዶቹ በክላስተሩ ውስጥ እርስ በርስ የሚገናኙበትን አጫጭር ስም አይነካም።

የመጨረሻው የስም ችግር ከሁሉም የተሰወረው ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ «ሰርቨሩ በከርበሮስ መዝገብ ውስጥ አልተገኘም» ይላሉ። የኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍት በተፈጥሮው የተሰጠውን ስም ወደ አድራሻ ይለውጣል፣ አድራሻውን ደግሞ መልሶ ወደ ስም ይለውጥና በመጨረሻ ባገኘው ስም ቲኬት ይጠይቃል። የተገላቢጦሽ መዝገቦቹ አሮጌ ከሆኑ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተወገደ ማሽን ስም ይመልሳሉ፤ ቲኬቱም በሌለ ማሽን ስም ይጠየቃል። በከርበሮስ ፋይሉ ውስጥ የተገላቢጦሽ ፍለጋውን ዘጋሁት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰርቨሮች ተስተካከሉ። መዝገቦቹን ማጽዳት የተገባ ቢሆንም፣ ማረጋገጫ በእነርሱ ንጽሕና ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አልፈልግም።

በዚህ አጋጣሚ ኢንቬንተሪውም ተለወጠ። ቀድሞ በአይፒ አድራሻ የተመዘገቡ ሰርቨሮች ነበሩ፤ ከርበሮስ ግን ቲኬት የሚሰጠው ለስም ስለሆነ ሁሉም በሙሉ የዶሜይን ስማቸው ተተኩ።

ሐሙስ

ሰዓት። ኮንቴይነር የራሱ የሰዓት መቁጠሪያ የለውም፣ የኖዱን ይጠቀማል፤ ስለዚህ በፖዱ ውስጥ የሚስተካከል ነገር አይኖርም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ በተፈጥሮው የሚታገሠው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። ኖዶቹን ስፈትሽ አንደኛው፣ ከቨርቹዋል ማሽን ቅጂ የተመለሰው፣ ከሌሎቹ በግልጽ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። የሚያስገርመው በእርሱ ላይ የተነሡት ሥራዎች አለመውደቃቸው ነው፤ የኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍት ከኬዲሲው ጋር ያለውን የሰዓት ልዩነት አስልቶ በራሱ የሚያካክስበት ቅንብር በተፈጥሮው በርቶ ይመጣል። ይህ ምቾት በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ የሰርተፊኬት የአገልግሎት ጊዜና የሎግ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ትዕግሥት የላቸውም። ሁሉም ኖዶች በክሮኒ (የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም) አማካይነት ሰዓታቸውን ከዶሜይን ኮንትሮለሮቹ እንዲወስዱ አደረግሁ፣ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ሲያልፍም ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ አዘዝሁ።

ምስጠራ። ለመድረኩ የተመደበው የአገልግሎት አካውንት አሮጌ ነው። ቲኬት ሲጠየቅለት «ኬዲሲው ይህን የምስጠራ ዓይነት አይደግፍም» የሚል መልስ መጣ። የኬዲሲው ችግር አይደለም። የኤኢኤስ ምስጠራ ወደ ዊንዶውስ ከርበሮስ የገባው በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ሲሆን፣ የአንድ አካውንት የኤኢኤስ ቁልፎች የሚፈጠሩት የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ነው። ከዚያ በፊት የተቀመጠና ያልተቀየረ የይለፍ ቃል ያለው አካውንት ያለው ቁልፍ የአርሲ4 (አሮጌ የምስጠራ ዓይነት) ብቻ ነው። የማስፈጸሚያ ኢሜጃችን የተመሠረተበት ሴንትኦኤስ ስትሪም 9 (የሊኑክስ ዓይነት) ደግሞ በምስጠራ ፖሊሲው አርሲ4ን አይቀበልም። ፖሊሲውን በማላላት ማለፍ ይቻላል፤ በብዙ ቦታም እንደ መፍትሔ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ግን የአካውንቱ የይለፍ ቃል እንዲቀየር አስጠየቅሁ፤ እንደተቀየረ ችግሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ጠፋ። አርሲ4 በአርኤፍሲ 8429 ከ2018 ጀምሮ በከርበሮስ ውስጥ ጊዜው እንዳለፈበት የታወጀ ስለሆነ፣ ለእርሱ ሲባል አዲስ መድረክ ማላላት ትርጉም የለውም።

ፋየርዎል። በጥቂት ቡድኖች ውስጥ ብቻ ባለ አካውንት ሲፈተን ይሠራል፣ በብዙ ቡድኖች ውስጥ ባለው አካውንት ሲፈተን ግን ዝም ብሎ ይቆማል። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ቲኬት የተጠቃሚውን ቡድኖች ዝርዝር በውስጡ ስለሚይዝ ከዩዲፒ (መረጃን በነጠላ ጥቅሎች የሚልክ የኔትወርክ ስልት) ጥቅል መጠን ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኬዲሲው «መልሱ ትልቅ ነው» ብሎ ደንበኛው በቲሲፒ (ረጅም መረጃን በተከታታይ የሚያስተላልፍ ስልት) እንዲመለስ ያደርጋል። ለክላስተሩ የተከፈተው በር 88 በዩዲፒ ብቻ ነበር። ቲሲፒውም ተከፈተ፤ በከርበሮስ ፋይሉ ውስጥም የዩዲፒ ምርጫ ገደቡን ወደ 1 በማውረድ ከመጀመሪያው ቲሲፒን እንዲጠቀም አደረግሁ።

ዓርብ

ከሰርቨሮቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ቀረ። ኬዲሲው ቲኬቱን ይሰጣል፣ ሰርቨሩ ግን አልቀበልም ይላል። በላዩ የድር መተግበሪያ የሚሮጥበት ሰርቨር መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ ተገለጠ። የአንሲብል ዊንአርኤም ማገናኛ በተፈጥሮው የሚጠይቀው «ኤችቲቲፒ» የሚል የአገልግሎት ስም ያለውን ቲኬት ነው። በተለመደው ሁኔታ ይህ ስም በተለይ ስላልተመዘገበ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የማሽኑን «ሆስት» ስም ተጠቅሞ ቲኬቱን በማሽኑ አካውንት ቁልፍ ያመሰጥረዋል። እዚህ ግን የድር መተግበሪያው በሌላ የአገልግሎት አካውንት እየሮጠ፣ የሰርቨሩን «ኤችቲቲፒ» ስም በራሱ አካውንት ላይ አስመዝግቦታል። ስለዚህ ቲኬቱ የተመሰጠረው በመተግበሪያው አካውንት ቁልፍ ነው፤ ዊንአርኤም ደግሞ የማሽኑ ቁልፍ ብቻ ስላለው ሊፈታው አይችልም።

የተመዘገበውን ስም መሰረዝ መተግበሪያውን ይሰብራል። ያደረግሁት ለዚህ ሰርቨር ብቻ በኢንቬንተሪው ውስጥ የአገልግሎቱን ስም ከ«ኤችቲቲፒ» ወደ «ሆስት» የሚቀይር ተለዋዋጭ መጨመር ነው። ቲኬቱ በማሽኑ ቁልፍ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ዊንአርኤም ያለ ችግር ይፈታዋል። ከተለዋዋጩ ጎን ምክንያቱን በዝርዝር ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ማብራሪያ የሌለውን እንዲህ ያለ መስመር የሚቀጥለው ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ ማንሣቱ አይቀርምና።

የተጠቃሚዎች መግቢያ በኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች ማውጫ መጠየቂያ ስልት) ተገናኝቷል፤ ግንኙነቱ በበር 636 በኩል ሲሆን የድርጅቱ የሰርተፊኬት ባለሥልጣን ሰርተፊኬት በሲክሬት ገብቷል። ይህ መግቢያና ከላይ የተነገረው የከርበሮስ ሥራ እርስ በርስ አይነካኩም። ወደ መድረኩ የገባው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሰርቨሮቹ የሚያዩት የአገልግሎት አካውንቱን ነው፤ ማን ምን እንዳዘዘ ሊታወቅ የሚችለው በመድረኩ የሥራ መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ወደ ማዕከላዊው የሎግ ማከማቻ እንዲተላለፍ ተደርጓል።

የኔትወርክ ፖሊሲም ተጽፏል። የሥራ ፖዶቹ ወደ ውጭ የሚወጡት ለስም ፍለጋ በ53፣ ለከርበሮስ በ88፣ ለዊንአርኤም በ5986 ብቻ ነው። ወደ እነርሱ የሚገባ ግንኙነት አያስፈልግም፤ ሪሴፕተር ከእነርሱ ጋር የሚነጋገረው በኩበርኔትስ ኤፒአይ በኩል ነው። ፖሊሲ መጻፍ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፦ የክላስተሩ የኔትወርክ ተሰኪ ፖሊሲን የማያስፈጽም ዓይነት ከሆነ ፋይሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ይገባል፣ አንዳች ነገርም አያግድም። በተከለከለ በር ለመውጣት ሞክሬ መታገዱን አረጋግጫለሁ።

ቅዳሜ

ምትኬ። የውሂብ ጎታውን ቅጂ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ በውስጡ ያሉት የይለፍ ቃላት የተመሰጠሩበት ቁልፍ በተለየ ሲክሬት ውስጥ ይገኛል፣ እርሱ ከጠፋ የጎታው ቅጂ ተመልሶም የይለፍ ቃላቱ አይነበቡም። የኦፕሬተሩ የምትኬ መሣሪያ ሁለቱንም ይይዛል። በሌላ ኔምስፔስ (ተለይቶ የተከለለ የክላስተሩ ክፍል) ላይ መልሼ አቁሜው፣ የተመሰጠረውን የአገልግሎት አካውንት የሚጠቀም አንድ ሥራ አስኬጄ ተሳክቷል።

ሳይሠራ የቀረው ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያልፍ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ሰርቨሩ የመጫኛ ፋይሉን ከጋራ የፋይል ማኅደር በራሱ እንዲያመጣ ማድረግ። የተላከው ቲኬት ለመጀመሪያው ሰርቨር ብቻ ስለሚያገለግል፣ ሁለተኛው ሰርቨር ማንነቱን አያውቅም። ቲኬትን አሳልፎ የመስጠት ቅንብር አለ፤ ነገር ግን የአገልግሎት አካውንቱን ሙሉ ሥልጣን በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ማለት ስለሆነ አላበራሁትም። ለጊዜው ፋይሎቹ በፕሌይቡኩ አማካይነት ከሥራ ፖዱ ይላካሉ፤ ትልልቆቹን ይህ ስለሚያዘገያቸው፣ በተገደበ ውክልና ወደ ፋይል ሰርቨሩ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ጥያቄ ለዶሜይን አስተዳዳሪዎቹ አቅርቤያለሁ።